ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ለአልጋ የሚሆን አቡጀዲ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ሻጩ ልጅ ጣቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው፣ ያ የአዲስ አቡጀዲ የአሚዶ ሽታ ፊቴን መታኝና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ዕድሜዬን አየ፣ የምገዛውን ጨርቅ አየ፣ ደነገጠ መሰለኝ። «እማማ፣ ለምን ፈልገውት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለአልጋዬ ነው ልጄ፣ ለከፈን አይደለም። እኔ ገና ነኝ!» ስለው ሳቁን መያዝ አቃተው። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ መደንገጡ የእኔ ተራ ሆነ። በዚያ ገንዘብ እኛ በጊዜያችን ሱቁን ከነመደርደሪያው እንሞላበት ነበር። ጨርቄን በፌስታል ይዤ ስወጣ እግሬ ወደ ታክሲው መሄዱን ትቶ ወደ ድሮው መደዳችን ወሰደኝ። መደዳው የለም። እሱ በነበረበት ቦታ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፣ ደረጃው ላይ ጫማ ይሸጣል፣ ከውስጥ ከየሱቁ የተለያየ ዘፈን ይጮሃል። ዛሬ አካባቢው የሚጠራበት ዱባይ ተራ የሚባል ስም ያኔ ገና አልተወለደም ነበር። ፎቁ ሥር አንድ ጥግ ይዤ ቆምኩና የማስታውሰውን ማስታወስ ጀመርኩ።

የእኛ ሱቅ ከሸማ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ጣሪያቸው ከተያያዙ ሱቆች መካከል ነበር። ዝናብ ሲጥል ገዢና ሻጭ በጣት ነበር የምንነጋገረው። ፊት ለፊታችን ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር። አንድ ካሴት ከያዘ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ ሰካራም እስኪመስል ድረስ ያንኑ ያዞረዋል፤ የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ እስካሁን በጆሮዬ የሚመጣው በዚያ በተጎተተ ድምፅ ነው። የቀበሌ ሰዎች በካኪ ሳፋሪ ይመጣሉ፣ ተማሪው በሸራ ጫማ፣ የገጠሩ ሰው በኮንጎ ጫማ። ሻይ በስሙኒ ነበር። አውቶቡስ አስራ አምስት ሳንቲም ከፍሎ መሳፈር ይቻላል፤ መውረዱ ነበር ችግሩ፣ ካልገፈተሩ የሚያሳልፍ የለም። አቡጀዲ ሜትሩ ከሦስት ብር አይበልጥም ነበር፣ እሱም ከተገኘ ነው። ምክንያቱም በዚያ በደርግ ዘመን ዕቃ የሚመጣው በፈለጉት ጊዜ ሳይሆን ከመንግሥት ጅምላ ማከፋፈያ በኮታ ነው። ኮታህ ሲደርስ በመስኮቱ ገንዘቡን በጥሬው ታስገባለህ፣ በሌላ መስኮት ጣቃህን ትቀበላለህ። በቀኑ ካልከፈልክ ስምህን ይሰርዙና ተራ ከሚጠብቀው ሕዝብ አንዱን ይተኩብሃል። ያለ ኮታ የቀረ የጨርቅ ሱቅ ደግሞ ባዶ መደርደሪያ ነው።

ባለቤቴ ጀማል ከወሎ፣ ከቃሉ በኩል የመጣ ሰው ነው። እኔ እዚሁ መርካቶ ጥግ የአብነት ሰፈር ልጅ ነኝ። ሲያገባኝ ሰዎች «የመርካቶ ልጅ አፏ ስለታም ነው፣ አደራህን» ብለውት ነበር አሉ። እሱም «ጨርቅ ለሚሸጥ ሰው ስለት ይጠቅመዋል» ብሎ መለሰላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሲናገር ረጋ ብሎ ነው፣ ሲጨነቅ ግን ጭራሹን አይናገርም። ከሁሉ ጨርቅ የሚወደው ከፋይ ነበር፤ ሙሽሮች ለካባ የሚያሰፉትን ያን ለስላሳ፣ እጅ ሲያልፍበት ቀለሙን የሚቀያይረውን ጨርቅ። ከፋይ ውድ ነው፣ ትርፉም ጥሩ ነው፤ ሠርግ ከሌለ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጀማል ለዚህ ብልሃት ነበረው። «በሁዳዴ ክርስቲያኑ አይድርም፣ እስላሙ ይድራል። በረመዳን እስላሙ አይድርም፣ ክርስቲያኑ ይድራል። እኔ ለሁለቱም እሸጣለሁ፤ የእኔ ከፋይ ጾም አያውቅም» ይል ነበር። ስንት ዓመት በዚህ ኖረ። ሲናገረውም ፂሙን እየዳሰሰ፣ እንደ ሊቅ ነበር።

ታዲያ ረመዳን እንደ ሁዳዴ በአንድ ወቅት የሚቆም ጾም አይደለም፤ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። የወሎ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ጀማልም ያውቃል። ግን የሚያውቁትን ነገር መቼ ነው ቁጭ ብለው የሚያሰሉት? አንድ የጥር ሰሞን ሠርጉ ደርቶ ከፋይ ከእጅ እየተነጠቀ ሲሸጥ፣ ጀማል ከአንድ ነጋዴ ላይ ብዙ ጣቃ ከፋይ ጠቅልሎ ገዛ። ያለንን ገንዘብ ከሞላ ጎደል አፈሰሰበት። ሁዳዴ ሲገባ «አሁን የእስላሙ ሠርግ ነው» ብሎ እጁን አፋተገ። ሳምንታት አለፉ፣ ጨረቃ ታየች፣ ረመዳን ገባ። ሁለቱ ጾሞች በአንድ ላይ ተቀመጡብን! ያን ዓመት ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ሻይ ቤቱ ባዶ፣ ሥጋ ቤቱ ዝግ፣ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። ከፋዩ መደርደሪያችን ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ ቀለም ተኮፍሶ ተቀመጠ። ጀማል አንድ ቀን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና «ይሄውልሽ፣ የእኔም ከፋይ ጾም ያዘ» አለኝ። ስቆ ነው ያለው፤ ዞር ብሎ ግን መልሶ አላየውም።

ያን ጊዜ እኔ የንግድ ሥራ ትምህርት በማታ እማር ነበር። ሰዓት እላፊ እንዳይዘን በጊዜ ይለቁናል፤ አውቶቡስ ካጣን በእግራችን እየተንጫጫን እንመለሳለን። የሒሳብ አያያዝ አስተማሪያችን ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ «ካረንት ሬሾ» ብሎ ጻፈና እንዲህ አለን፦ «አንድ ድርጅት ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ሀብቱ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ሕንፃ ኖሮት ለደመወዝ የሚያጣ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚሆነውን ሀብቱን ውሰዱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚከፍለው ዕዳ አካፍሉት። ሁለት ቢመጣ ደህና ነው። አንድ ከመጣ ይጠንቀቅ። ከአንድ ከወረደ የሰው ፊት ሊያይ ነው።» እኔ ወዲያው ያየሁት የእኛን ሱቅ ነው። እንደዚያ ቀን ትምህርት ቶሎ ገብቶኝ አያውቅም።

በነጋታው ገዢ በሌለበት ሰዓት ጀማልን ባንኮኒው ፊት አስቀመጥኩት። ቁጥር ሳወራለት ፊቱን ስለሚያዞር የክር ጥቅሎች አወረድኩና «አንዱ ጥቅል አንድ ሺህ ብር ነው እንበል» አልኩት። በቀኝ በኩል ያለንን ደረደርን። ከፋዩ በተገዛበት ዋጋ ስምንት፣ ሌላው ጨርቅ ሁለት፣ በእጃችንና በደንበኞቻችን እጅ ያለው ገንዘብ ሁለት። በግራ በኩል ደግሞ የምንከፍለውን ደረደርን። ወር ሳያልቅ ለኮታው ሦስት፣ ለግብር አንድ፣ ግብር ካልተከፈለ ፈቃድ አይታደስም። በዚያ ላይ ጀማል በየሳምንቱ ለሚጥለው እቁብ እስኪያልቅ ድረስ የቀረው ሁለት። አሥራ ሁለት ለስድስት።

«ጀማል፣ ሁለት ለአንድ ነን! አስተማሪው ጤነኛ ነው ያለው ይሄን ነው» አልኩት ደስ ብሎኝ።

«እሰይ። እንግዲያው እሱ አስተማሪሽ ከእኔ ጋር መስኮቱ ጋ ይቁምልኛ። ‹ሁለት ለአንድ ነኝ› ስላቸው ጣቃውን ያወጡልኛል?»

እውነቱን ነው። ለዚህም አስተማሪው መልስ ነበረው። ዕቃው ቶሎ የማይሸጥ ከሆነ ዕቃውን አውጥታችሁ እንደገና አካፍሉ፣ አሲድ ቴስት ይባላል፣ ብሎናል። ስምንቱን የከፋይ ጥቅል አነሳሁ። ሁለቱን የሌላውን ጨርቅ አነሳሁ። በቀኝ በኩል ሁለት ጥቅል ብቻ ቀሩ፣ በግራ ስድስቱ ተደርድረው ያዩናል። ሀብታም ነበርን፣ ግን ሀብታችን ከፋሲካና ከኢድ በኋላ የሚመጣ ሀብት ነው፤ ዕዳው ደግሞ እስከዚያ አይጠብቀንም። ያን ሰሞን አንድ ደላላ ይመላለስ ጀምሮ ነበር። ጣቃዎቹን እየዳበሰ «ሙሉውን በግማሽ ዋጋ፣ አራት ሺህ፣ ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ» ይላል። አራት ሺህ ማለት ልክ ኮታውና ግብሩ ነው። ነገሩን ሁሉ አጣርቶ መምጣቱ ነበር ያናደደኝ። ጀማል «ሰኞ እነግርሃለሁ» ብሎት ነበር፤ እኔም ሊሸጥለት መወሰኑን ከአነጋገሩ አውቄያለሁ። ከሸጠ ደግሞ የስንት ዓመት ድካማችን በግማሽ ይቀራል፣ የሚቀጥለውን ኮታ የምናነሳበት አይኖርም፣ ሱቁም ቀስ ብሎ ይሞታል።

ጥቅሎቹን ልሰበስብ ስል ነው ዓይኔ እቁቡ ላይ ያረፈው። እቁብ ገና ያልደረሰው ሰው ባለዕዳ ብቻ አይደለም። የሚጥለው በግራ ከተቆጠረ፣ የሚበላው ደግሞ በቀኝ መቆጠር አለበት። ጀማል ግማሹን ጥሏል፣ ዕጣው ግን አልወጣለትም፤ ገና አራት ሺህ ብር ይጠብቀዋል።

«እቁቡስ? አልበላኸውም እኮ! ለምን በዚህ በኩል የለም?»

ፊቱን አዞረ። «እሱ የእኔ አይደለም። የእናቴ ነው።»

«እንዴት የእናትህ ነው? የምትጥለው አንተ!»

«ለሐጅ ኒያ አድርጌበታለሁ፣ ዘሀራ። ሲደርሰኝ እሷን ልልክበት። ለአላህ ያሰብኩትን ከሱቅ ዕቃ ጋር አልቆጥርም።»

የትኛው ትምህርት ቤት ነው ይህን የሚያስተምረው? ገንዘቡ ገና እጁ ሳይገባ በልቡ ለእናቱ ሰጥቶት ጨርሷል። ተናደድኩበት፤ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ስላገባሁ ደስ አለኝ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። «ለሱቅ አውለው» ማለት ከእኔ አፍ የሚወጣ ነገር አልነበረም። የምራት አፍ ነው፣ የአማቷን ሐጅ አስቀረች ቢባልስ?

እናቱ እማማ ዘይነባ በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ ከእኛ ጋር ሊያፈጥሩ ይመጡ ነበር። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተቀበልኳቸው። እንደ ልማዳቸው ከተሸካሚው ጋር በዋጋ ተጣልተው፣ በመጨረሻ ከተስማሙት በላይ ከፍለውት፣ መርቀውት መጡ። ማፍጠሪያ ላይ ቴምር አንስተው የልጃቸውን ፊት አንዴ አዩና ቴምሩን መለሱት። «ምን ሆነሃል?» አሉት። «ምንም» አለ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪኝ፣ እሱ ከሕፃንነቱም ሲያመው አይናገርም።» ጀማልን አየሁት፣ አቀርቅሯል። ነገርኳቸው፤ ከፋዩን፣ ኮታውን፣ ደላላውን፣ እቁቡንና ኒያውን። ቁጣ ስጠብቅ እማማ ዘይነባ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ገንዘብ አዝለህ እኔን ካዕባ ልታዞረኝ? አላህ ቤት ድረስ ዕዳ ይዤ ልግባ? ሐጅ ለቻለ ሰው ነው የተባለው። አንተ ካልቻልክ እኔም አልቻልኩም። መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል።»

«እማዬ፣ ኒያ አድርጌ...»

«ኒያህን አላህ ጽፎታል፤ የሚጠፋ መሰለህ? አብሽር ልጄ፣ ብላ አሁን፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

በላ። እኔም ማልቀሴን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። እማማ ዘይነባ፣ ነፍሳቸውን አላህ በጀነት ያኑራትና፣ በኋላ ሐጅ ሄደዋል። ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ጀማል ራሱ ይዟቸው ሄደ። ሲመለሱ «የሰዉ ግፊያ እንዴት ነበር?» ብላቸው «መርካቶን ለለመደ ምን አለው ብለሽ ነው!» ብለውኛል።

ግን እቁቡን በልብ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፣ መቀበል ሌላ። ዕጣው ለሌላ ሰው ከወጣ፣ ያ ሰው ተራውን እንዲለቅ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት መለመን አለበት። ጀማልን የበለጠ የጨነቀው ይህ ነበር። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ የሚኖረው በስሙ ነው። እሑድ በእቁብ መካከል «ቸገረኝ» ያለ ሰው፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሜትር ጨርቅ በዱቤ የሚሰጠው ላያገኝ ይችላል። በዚያ ላይ እቁብ የሚበላ ሰው ቀሪውን እንደሚጥል ሁለት ዋስ መጥራት አለበት። መቸገሩን አሁን በአፉ ለተናገረ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? «ከመዋረድ ለደላላው ብሰጠው አይሻልም?» አለኝ እሑድ ከቤት ሲወጣ። «ደላላውማ ሰኞም ይመጣል፤ አንተ ሂድ» አልኩት። አፌ ስለታም ነው ተብሎ የለ?

እቁቡ የሚጣለው የእቁቡ ዳኛ በሆኑት በጋሼ ወልዴ መጋዘን ነበር። እኔና እማማ ዘይነባ አብነት እቤታችን ቀረን። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። መጥረጊያ አንስቼ የተጠረገውን ደጅ ጠረግሁ። ማዕዘኑ ድረስ ሄጄ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጀማል ብቅ አለ። እየፈጠነም አይደለም፣ እየጎተተም አይደለም፣ ከአካሄዱ ምንም ማንበብ አቃተኝ። መጥቶ ደጁ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንባውን ለቀቀው። አለቀልን አልኩ በልቤ።

«ጉድ ነው የሠሩኝ፣ ዘሀራ» አለ።

«ምን አደረጉህ?»

ዕጣው የወጣው ለአንድ የቅቤ ቅመም ነጋዴ ነበር። ጀማል ተነሳና «ቸግሮኛል፣ ተራህን ልቀቅልኝ» አለው። ሰውየው ትንሽ አሰበና «በዚህ ጾም ማን የቅቤ ቅመም ይገዛኛል ብለህ ነው? ውሰደው፤ ለእኔ የአንተ ተራ ሲደርስ ይበቃኛል» አለው። ጀማል ትርፍ ልስጥህ አላለውም፣ ሰውየውም ትርፍ አልጠየቀውም። ከዚያ ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን አውልቀው «ዋሶችህ እነማን ናቸው?» አሉት። ጀማል ቀና ብሎ ለማየት ፈራ። ሲያይ ግን ከዚህም ከዚያም እጅ ተነስቷል። ከፊት ያሉት አንስተዋል፣ ከበሩ አጠገብ የቆሙት አንስተዋል፣ አንድ ቀን ሰላም ተባብሎት የማያውቅ ጫማ ነጋዴ ሁሉ አንስቷል። ጋሼ ወልዴ ተቆጡ። «ሁለት ዋስ ነው ያልኩት! እጃችሁን አውርዱ፣ ይሄ ምርጫ ነው እንዴ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ጀማል ሲወጣም ሽማግሌው ክንዱን ይዘው «እኔን የሚያስፈራኝ ቸገረኝ የሚል ነጋዴ አይደለም፣ ቸግሮት ዝም የሚለው ነው። ሁለተኛ እንዳትደብቀን» አሉት። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ መሐል መሐል ላይ እያቆመ ነው። እማማ ዘይነባ ከውስጥ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ፣ እኔም እዚያው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጀማል መጀመሪያ ግብሩን ከፈለ፣ ከዚያ ማከፋፈያው መስኮት ላይ ቆሞ የኮታውን ከፈለ፣ ለኢድ የሚሆን አቡጀዲ አስጭኖ መጣ። ደላላውም እንደተባለው መጣ። «ከፋዩን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ብሎ መለሰው። ከፋዩ ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ተጠራቅሞ የነበረው ሠርግ ሁሉ ባንዴ ሲፈነዳ ከእጃችን እየተነጠቀ ተሸጦ አለቀ፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። እኔ ከዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ምረጪ ብባል የምመርጠው ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

አዲሱን አቡጀዲ መደርደሪያ ላይ እያወጣሁ ዞር ስል ጀማል የለም። ባንኮኒውን ዞሬ ሳይ፣ ገና ያልተደረደሩት ጣቃዎች ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኝቷል። ለካ ያን ሰሞን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣ ፊቱ ላይ የነበረው መስመር ሁሉ ተዘርግቷል፤ ያገባሁት ጊዜ የነበረውን ልጅ መሰለኝ። ቆሜ ሳየው አንዲት ሴት ገባችና ሦስት ሜትር አቡጀዲ አለችኝ። አቡጀዲ በመቀስ ብዙ አይቆረጥም፣ ጫፉን ነክሶ መቅደድ ነው ልማዱ፤ ድምፁ ግን ሙት ይቀሰቅሳል። መቀስ ፈልጌ ቀስ እያልኩ ክር በክር ቆረጥኩላት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት አንገቷን በባንኮኒው ላይ አሰገገችና አየችው።

«ውይ፣ ታመው ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የለም፣ ዕዳውን ከፍሎ ነው» አልኳት።

የመርካቶ ሴት ናት፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። «እንግዲያ ይተኛ» አለችና ሳንቲሞቹን እንዳይንኳኩ ባንኮኒው ላይ ሳይሆን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።